በሐሳብ የተሠራ በር

የውዳሴ ዓይን ቢጫ መሆኑን መጀመሪያ ያየችው እህቷ ምስጢር ናት። ጠዋት ለሥራ ስትዘጋጅ ቀና ብላ፣ «አንቺ፣ ዓይንሽ ምን ሆኗል?» አለቻት። ውዳሴ መስታወት ውስጥ ተመለከተች። እውነትም ቢጫ ነው። መደንገጥ እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን አልደነገጠችም።

መካኒሳ ያለ ክሊኒክ ሲሄዱ ሐኪሙ ጉበቷ መቆጣቱን ነገራት። የሚያሽላት ዕረፍት እንደሆነ አስረድቶ፣ ቅባት እንዳትነካና እንድትተኛ አዘዛት። ለቡ ወዳለው የኪራይ ቤታቸው ተመልሳ ተኛች።

ውዳሴ የጂኦግራፊ መምህርት ናት። ጥቂት እንደሰነበተች የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ደውሎ፣ ክፍሎቿን የሚሸፍን መምህር እንደተገኘ ነገራት። አመስግና ስልኩን ዘጋች።

«አልከፋሽም?» አለች ምስጢር።

«እንጃ። ሊከፋኝ ይገባ ነበር መሰለኝ።»

ተማሪዎቿ በቴሌግራም የላኩላትን መልእክት ከፍታ አየችው፤ መልስ ሳትጽፍ ዘጋችው። ምስጢር የምታመጣላት አጥሚት አፏ ውስጥ እንደ ውኃ ያልፋል። ይመሻል፣ ይነጋል፣ እሷ እዚያው ናት።

ከግቢው አጥር ማዶ የጋሽ ጀማሉዲን ብረታ ብረት ቤት አለ። ፉሪና ለቡ ለሚሠሩት አዳዲስ ቤቶች በርና መስኮት ያዘጋጃሉ። ውዳሴ እዚህ ቤት ከገባች ጀምሮ በጩኸቱ ስትማረር ነው የኖረችው። አሁን ተኝታ ስትሰማው ግን ቅደም ተከተል እንዳለው ገባት። መጀመሪያ ብረት ይቆረጣል። ከዚያ መዶሻ። ከዚያ ዘይት ላይ የሚጠበስ ነገር የሚመስለው የብየዳው ድምፅ። ከዚያ ጸጥ። ጸጥ ሲል እየለኩ ይሆናል ብላ አሰበች።

በሐሳቧ መበየድ የጀመረችው ያኔ ነው። ዓይኗን ጨፍና ጓንት ታጠልቃለች፤ ጭምብሉን ፊቷ ላይ ታወርዳለች፤ ሁለት ብረት ታጋጥማለች። የምትሠራው በር ነበር። የማን በር እንደሆነ አላሰበችበትም። እንቅልፍ ሲወስዳት ሥራው ይቋረጣል፤ ስትነቃ ካቆመችበት ትቀጥላለች። እዚያ ብረቱ እሺ ይላታል። ደስ አይላትም፤ አይከፋትምም። ብቻ ጊዜው ይሄድላታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የብረት አልጋዋ እግር ብየዳው ለቆ ተገነጠለና ከነፍራሹ ወደ ግድግዳው አዘነበለች። ምስጢር ሄዳ ጋሽ ጀማሉዲንን ጠራቻቸው። አልጋውን ግቢ አውጥተው፣ የኤሌክትሪክ ገመድ በአጥሩ ላይ አሳልፈው መበየድ ጀመሩ። ውዳሴ ጋቢ ለብሳ ደጃፍ ላይ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ቲቸር፣ ብርሃኑን እንዳታዪው፤ ዓይን ይጎዳል» አሉ።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰማያዊው ብርሃን ግድግዳው ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ሲያበቁ፣

«ጋሽ ጀማሉዲን፣ ይሄን ሥራ መማር ይከብዳል?» አለቻቸው።

«ለማን?»

«ለእኔ።»

አልሳቁም። ጭምብላቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው አዩዋት። «ቆመሽ መዋል ትችያለሽ?»

«አሁን አልችልም።»

«እንግዲህ ስትችዪ ነይ።»

የዓይኗ ቢጫነት ለቀቀ፤ ወደ ማስተማሯም ተመለሰች። ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ የምስጢርን አሮጌ ጂንስ ለብሳ ሄደች። በሐሳቧ ያደረገችው ሁሉ እዚያ አልሠራም። የብየዳው ዘንግ ብረቱ ላይ ተጣበቀባት።

«ነቅነቅ አድርገሽ አላቅቂው» አሉ ጋሽ ጀማሉዲን።

አላቀቀችው። እንደገና ተጣበቀ። ሳይጣበቅ ሲቀር ደግሞ ብረቱን በሳችው። ሲደክማት የብረት ክምር ላይ ተቀመጠች።

«አልጋ ላይ ሆኜ በሐሳቤ በር ሠርቼ ነበር» አለች። «ቀላል ነበር።»

«በር በኋላ ይደርሳል። መጀመሪያ በብየዳ መስመር ማስመር ልመጂ።» ቁርጥራጭ ላሜራ ፊቷ አስቀመጡላት።

እስኪመሽ መስመር አሰመረች። አንዱም ቀጥ አላለም። ቤት ስትገባ ምስጢር የእጇ አንጓ ላይ የቀላ የቃጠሎ ምልክት አይታ ያዘቻት።

«ይሄ አላመመሽም?»

«ትንሽ።»

«ደስ የሚልሽ ከሆነ እሺ።»

ውዳሴ ደስ ብሏት እንደሆነ ራሷን ጠየቀች። ምንም ጎልቶ የተሰማት ነገር የለም። «የሚቀጥለው ቅዳሜም እሄዳለሁ» አለች፣ እጇን ልትታጠብ እየወጣች።

ክረምቱ ሳይገባ የጫማ መደርደሪያ ሠራች። አንደኛው እግር ስላጠረ ምስጢር ካርቶን አጣጥፋ ከሥሩ ሸጎጠችለትና ጫማዎቻቸውን ደረደረችበት።