የማብራሪያ ጥያቄ

"ዋናው መጣ" የሚለው ሹክሹክታ ከራሱ ከሰውየው ቀድሞ ደረጃውን ወጣ። ሰፊዋ የጀመረችውን የጋውን እጅጌ ሳትጨርስ እግሯን ከማሽኑ ፔዳል ላይ አነሳች። ሌሎቹም ሴቶች ተራ በተራ አቆሙና፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲንጫጫ የነበረው ክፍል ጸጥ አለ።

"ኧረ ስፉ፣ ስፉ፤ ለኔ ብላችሁ አታቁሙ" አለ ዋናው በሩ ላይ ቆሞ። እንዲህ የሚለው ሁሉም ማቆማቸውን አይቶ ካረጋገጠ በኋላ ነው።

ሰውየው የሰፊዋ ባል ታላቅ ወንድም ነው። ዋናው የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣለት ጨርቅ ቆራጩ ሽማግሌ ነው። ሰውየው ከፌዴራል መንግሥት ጋር የመጀመሪያውን የሆስፒታል አልባሳት አቅርቦት ውል የፈረመ ዕለት መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ፣ "እንግዲህ እኔ ዋና ተቋራጭ ነኝ" ብሎ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ቆራጩ ከዚያ ወዲህ ከጀርባው በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም። ከፊቱ ግን "ጌታዬ" ይለዋል።

እውነቱን ለመናገር ዋናው አንዲት መርፌ እንኳ የለውም። ያለው ቢሮ፣ የጭነት መኪናና የንግድ ፈቃድ ነው። አንሶላውም፣ የበሽተኛ ልብሱም፣ የሐኪም ጋውኑም ሲሰፋ የኖረው እዚህች ክፍል ውስጥ ነው። ተሰፍቶ ሲያልቅ የሱ መኪና መጥቶ ይጭነዋል፣ የሱ ማኅተም ያርፍበታል፣ ሆስፒታሉም የሱን ስም ጠርቶ ያመሰግናል። ሰፊዋ ለረጅም ጊዜ ይህን እንደ በደል አልቆጠረችውም። ባሏ ሥራ ፈትቶ ቤቱ ሁሉ ጨልሞባቸው በነበረበት ጊዜ የጨርቅ ጠርዝ የሚቋጨውን ኦቨርሎክ ማሽን ዋስ ሆኖ በዱቤ ያስወጣላት እሱ ነው። ዕዳው ከተዘጋ ቆይቷል፤ ውለታው ግን አልተዘጋም። እሷ ብትረሳው እንኳ እሱ ያስታውሳታል።

ሌላም ያደረገላት ነገር አለ፤ ያንን ግን ራሱም አያውቀውም። ዕቃ ሊያይ በመጣ ቁጥር ስለ ጨረታ ይለፈልፋል። የጨረታ ማስከበሪያ ማለት ቀልደኛ ሰው ጨረታ ውስጥ እንዳይገባ አስቀድሞ የሚያዝ ዋስትና ነው ይላል። የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ደግሞ አሸንፎ ውል ከፈረመ በኋላ ሥራውን ጥሎ እንዳይሮጥ የሚያስረው ገመድ ነው ይላል። የቴክኒክ ፖስታና የዋጋ ፖስታ ለየብቻ ይታሸጋሉ፤ አንድ ላይ ያሸገ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይሂድ ይላል። ማንም አልጠየቀውም፤ እሱ ግን ሰሚ ካገኘ ማቆሚያ የለውም። ሴቶቹ ቃላቱን ለቀልድ ያዟቸው። አንዷ ክር ልትበደር ስትመጣ "መጀመሪያ ማስከበሪያ አስይዢ" ትባላለች። በልታ ከጨረሰች በኋላ ምሳው ጨው በዛበት ያለችዋን "የቅሬታ ማቅረቢያ ጊዜ አልፏል" ይሏታል። ሰፊዋ አብራቸው ትስቅና ቃላቱን አንድም ሳይቀር በጭንቅላቷ ታስቀምጥ ነበር።

"ሙሽራዬ፣ ነይማ ወዲህ" አለ ዋናው። ልጆቿ በቁመት አልፈዋታል፤ እሱ ግን ዛሬም "ሙሽራዬ" ነው የሚላት። ወደ መስኮቱ ወሰዳትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የጨረታ ሰነድ ገዝተሻል የሚል ወሬ ሰማሁ።"

"ወሬ አይደለም ጋሼ። ገዝቻለሁ።"

"በማን ስም?"

"በራሴ።"

ሳቀ። የምር የሚያስቅ ነገር እንደሰማ ሰው ከልቡ ነው የሳቀው፤ ከሁሉም በላይ ያናደዳትም ይኸው ነው።

"ልጄ፣ የፌዴራል ጨረታ የሰፈር ቀሚስ መስፋት አይደለም። መስፈርቱን አንብበሽዋል? 'ተመሳሳይ አቅርቦት ለመንግሥት ስለመፈጸሙ የሥራ ልምድ ማስረጃ' ይላል። የታለ ልምድሽ?"

"የሆስፒታሎቹ አልጋ ላይ ተነጥፏል" አለች።

"እሱማ የኔ ልምድ ነው።" ዐይኑን በጨው አጥቦ አይደለም ይህን ያላት፤ እውነት ብሎ ያምንበታል። "አንቺ ንዑስ ተቋራጬ ነሽ። የንዑስ ተቋራጭ ሥራ ደግሞ ለዋናው ነው የሚቆጠረው።"

"ንዑስ ተቋራጭ እኮ ውል አለው ጋሼ። ገዢው መሥሪያ ቤትም አውቆት፣ ፈቅዶለት ነው የሚሠራው። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። የኔ ውል የታለ? ለሆስፒታሉስ ስለኔ ነግረውታል?"

ዋናው ፊቱ ጠቆረ። ወደ ሴቶቹ ዞር ብሎ አየና ይበልጥ ተጠጋት።

"ዛሬ ከሰዓት የቅድመ ጨረታ ስብሰባ አለ። አትምጪ አልልሽም። ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ፣ ስሚ፣ ተማሪ። አፍሽን ግን እንዳትከፍቺ። እዚያ ቆመሽ ልምድ ምናምን እያልሽ ጥያቄ ያነሳሽ እንደሆነ፣ ሳያስፈቅድ ሥራውን ለሌላ አስተላልፏል ተብዬ ከጨረታ እታገዳለሁ። እኔ ከወደቅኩ ሥራ ማን ይሰጥሻል? እነዚህ ሴቶችስ ነገ ምን ሊበሉ ነው?"

"ማብራሪያ የመጠየቅ መብት አለኝ።"

"መብትማ አለሽ። ማሽንም አለሽ። ማን እንዳስወጣልሽ ደግሞ ታውቂያለሽ።" የአንዱን ጋውን ጠርዝ በጣቶቹ ዳሰስ አድርጎ፣ "ቆንጆ ነው፣ በዚሁ ቀጥሉ" አለና ደረጃውን ወረደ።

ቆራጩ መቀሱን አስቀመጠ። "ምን አለ ጌታችን?"

"ዝም በይ አለኝ።"

"እና?"

"እና ምን?"

"እኔ እንጃ። እኔ ጨርቅ ቆራጭ ነኝ።" አቧራውን ከሸሚዙ እያራገፈ ቀጠለ። "አትጠይቂ አላልኩሽም። ግን ሥራው ከቀረ እኔም እቀራለሁ፣ እነሱም ይቀራሉ። ይህን እያወቅሽ ጠይቂ።"

አይዞሽ ቢላት በወደደች ነበር። ግን አልተቀየመችውም፤ ያለው እውነት ነው።

ባሏ የሚነዳትን አሮጌ ታክሲ ከሕንጻው ሥር አቁሞ ይጠብቃት ነበር። መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ሁሉ እየተንፏቀቀ ነው። ጥቂት እንደሄዱ ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ደውሎልኝ ነበር።"

"እህ።"

"ወንድሜ ነው።"

"እኔስ ምንህ ነኝ?"

መብራቱ ያዛቸው። ባሏ መሪውን በጣቶቹ መታ መታ አደረገ። "በመሃል አታስገቢኝ፤ እሱን ነው የምልሽ።"

"ባለፈው እናትህን ሆስፒታል ልጠይቅ ሄጄ የተኛችበትን አንሶላ ዳበስኩት" አለች። "የኔ ነው። ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፌ የምሰፋው እኔ ነኝ፤ ሲታጠብ እንዳይተረተር። ነርሷ ትራሷን እያስተካከለች፣ 'የዚህ አቅራቢ አንሶላ አይቀደድም' አለችና የወንድምህን ስም ጠራች። እናትህ ምን እንዳለች ታውቃለህ? 'የኔ ልጅ እኮ ነው' አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ። ሾርባዋን ይዤ።"

"እናቴ ምን ታውቃለች?"

"እኮ። እሱን ነው የምልህ። ማንም አያውቅም።"

ማልቀስ አልፈለገችም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ባሏ ጨረታውን ያወጣው መሥሪያ ቤት በር ላይ አቆመና ሞተሩን አጠፋ።

"እኔ ከሱ ጋር ለመጣላት አልገባም" አለ።

"ግባ አላልኩህም።"

"ግን ከዚህ አልንቀሳቀስም። ብትጠይቂም፣ ባትጠይቂም እዚሁ ነኝ።"

ከሱ ይህ ብዙ ነው። ክንዱን ያዝ አድርጋ ለቀቀችውና ወረደች።

አዳራሹ ግማሹ ሞልቷል። ዋናው የፊት ረድፍ ላይ፣ ቦርሳውን አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጦ ተቀምጧል። ሲያያት ቦርሳውን አነሳና ወንበሩን በመዳፉ መታ መታ አደረገላት። በአክብሮት ጎንበስ ብላ ሰላም አለችውና ወደ ኋላ ሄዳ ፍራሽ አምራች ነኝ ካላት ሰውዬ ጎን ተቀመጠች። ዋናው ቦርሳውን ወደ ወንበሩ መለሰ።

ሰብሳቢዋ መነጽር ያደረገች፣ ነገር ማንዛዛት የማትወድ ሴት ነች። አንዱ የጋውኑ አረንጓዴ የትኛው አረንጓዴ እንደሆነ ጠየቀ። ሌላው ዕቃው የሚራገፈው በማዕከላዊው መጋዘን ነው ወይስ በየሆስፒታሉ ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢዋ ሁሉንም በአጭር በአጭሩ መለሰች። ከጎኗ ያለችው ወጣት ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች።

"ሌላ ጥያቄ ከሌለ ልንዘጋ ነው።"

ዝም ብትል የሚሆነውን ሰፊዋ ታውቃለች። መስፈርቱ እንዳለ ይቀጥላል፣ የሷ የቴክኒክ ፖስታ ተከፍቶ ልምድ የላትም ተብላ ትወድቃለች፣ የዋጋ ፖስታዋም ሳይከፈት ይመለስላታል። ዋናው ያሸንፋል። ጨርቁም በዚያው መኪና ተጭኖ፣ በዚያው ደረጃ ወጥቶ ወደዚያችው ክፍል ይመጣል። ማንም አይራብም። ቆራጩ ይቆርጣል፣ ሴቶቹ ይሰፋሉ፣ እሷም እስክታረጅ ሙሽራዬ እየተባለች ትኖራለች።

እጇን አነሳች። ከወንበሩም ተነሳች።

"የሥራ ልምድ መስፈርቱ ላይ ማብራሪያ እፈልጋለሁ" አለች። "ዕቃውን አምርቶ ያስረከበ ድርጅት፣ ለመንግሥት ሆስፒታል የቀረበው ግን በሌላ አቅራቢ ስም ከሆነ፣ ያ ሥራ ላመረተው ድርጅት ልምድ ሆኖ ይያዝለታል ወይ?"

ሰዉ ወደ ኋላ ዞረ። ዋናው ብቻ አልዞረም፤ ማጅራቱ ሲገተር ግን ከሩቅ ታያት።

"በንዑስ ተቋራጭነት የተሠራ ማለትዎ ነው?" አለች ሰብሳቢዋ።

"በአፍ ንዑስ ተቋራጭ ነው። በወረቀት የለም።"

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ፍራሽ አምራቹ ወለል ወለሉን እያየ፣ "የኔም ነገር ይኸው ነው" አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ሰፊዋ ሰማችው።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀች። "በወረቀት ከሌለ በምን ይረጋገጣል?"

"ማሽኖቹ አሉ። ሠራተኞቹ አሉ። ኮሚቴው መጥቶ ስንሰፋ ይየን። ከዚያ ሆስፒታል ይሂድና የተነጠፈውን አንሶላ ከኛው ጋር ያስተያይ።"

ሰብሳቢዋ ማስታወሻዋ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። "ይህን እዚህ ልመልስልዎት አልችልም። ለግዥ ኮሚቴው ይቀርባል፣ መልሱም ሰነዱን ለገዙ ሁሉ በጽሑፍ ይላካል። የጠያቂው ስም አይገለጽም። በዚህ በኩል ሥጋት አይግባዎት።"

ይህን ሲሰማ ዋናው ዞረ። ትከሻው ወርዷል፤ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። ስም ከሌለ ጠያቂዋ የማን ሰፊ እንደሆነች፣ ያ "ሌላ አቅራቢ" የተባለውም ማን እንደሆነ ማንም አያነሳም። ጭንቅላቱን ነቀነቀላት፤ በቃ፣ ጠየቅሽ፣ ተቀመጪ ማለቱ ነው። መቀመጥም ትችል ነበር። ጥያቄው ተጠይቋል፣ ቤተሰቡም ሳይናጋ ይውላል። ሰፊዋ ለአፍታ ወንበሩን አየችው። ከዚያ የአማቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣባት፤ "የኔ ልጅ እኮ ነው።"

"ቃለ ጉባኤ ይያዛል አይደል?" አለች።

"ይያዛል።"

"እሱ ላይ የኔ ስም ይጻፍልኝ።"

"ግዴታ የለብዎትም።"

"አውቃለሁ።"

በወንበሮቹ መሃል አልፋ ወደ ፊት መጣች። ከዋናው አጠገብ ስትደርስ፣ "ሙሽራዬ" አላት በሹክሹክታ። ሲለምናት ሰምታ አታውቅም፤ አንጀቷን በላት።

"ሙሽርነቱ እንኳ አልፎብኛል ጋሼ" አለችው በለሰለሰ ድምፅ፣ እናም አለፈች።

ለጸሐፊዋ ስሟን ነገረቻት። የስፌት ቤቷን ስም፣ ሕንጻውን፣ የምትሠራበትን ፎቅ ነገረቻት። ወጣቷ ሁሉንም ጻፈችና እስክሪብቶዋን እንደያዘች ቀና አለች።

"በምን ልመዝግብዎት? በንዑስ ተቋራጭ?"

"ተጫራች ብለሽ ጻፊ" አለች ሰፊዋ። ተጽፎ እስኪያልቅም ከጠረጴዛው አልራቀችም።