በሊማሊሞ በኩል ወደ አይስላንድ

ጓንቱንማ ረስተናል፣ ካፖርት ካፖርት ስንል እጃችንን ረሳነው፣ ሚኒባሱ ወለቃን አልፏል፣ አሁን መልሰን አይባል፣ ይሁን፣ ደባርቅ ጓንት አይጠፋም፣ ቢጠፋም እጄን በባሌ በዋኘው ኪስ ውስጥ እከታለሁ፣ የሱ ኪስ ሰፊ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ጠመኔ የተሸከመ ኪስ፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ ሱሪውን ሳጥብ ውሃው ወተት ይመስል ነበር። የጂኦግራፊ መምህር ማግባት ይኸው ነው። ነጭ ውሃ፣ በየግድግዳው ካርታ፣ አሁን ደግሞ አይስላንድ።

በመስኮት በኩል አስቀምጬዋለሁ። ይይ። ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ተራራ ያያል፣ ካፖርቱን እንደ ሕፃን ታቅፎታል፣ ልበሰው እንጂ ስለው አሁን አይደለም ሐረግ፣ እዚህ ሙቀት ውስጥ ከለበስሁት ፈተናው ይበላሻል አለኝ፣ ፈተናው፣ ከሰልባጅ ተራ የገዛነው ካፖርት ሊፈተን ነው፣ እኔም ልፈተን ነው፣ ጉልበቴ፣ ደረቴ። ልምምድ ነው የሚለው። ያን የሰሜን ደሴት ከመርገጣችን በፊት አንድ ቀን ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆመን ነፋሱን እንቅመሰው ብሎ ሲለምነኝ እሺ አልሁ።

እሺ ያልሁት ግን ለሌላ ነው።

ደባርቅ ታላቅ ወንድሜ አለ፣ አያ ሰጠኝ፣ እሱ ባለበት ልነግረው ነው፣ ዋኘው፣ ጉዞው ይቅር። ቤት ውስጥ አልቻልሁም። ትናንት አፌን ስከፍት ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በማጉያ መነጽር የደሴቲቱን ዳር ዳር ይዞራል፣ ይኸ ፏፏቴ ነው፣ ይኸ የበረዶ ግግር፣ እዚህ ጋ የፈላ ውሃ ከመሬት ወጥቶ ወደ ሰማይ ይተፋል፣ እያለ፣ አፌን መልሼ ገጠምሁት። እንዲህ ደስ ብሎት ያየሁት ልጃችን ትዕግስት የተወለደች ዕለት ነው። በወንድሜ ፊት ግን አይከራከርም። ጨዋ ነው። በጨዋነቱ ልይዘው ነው፣ እግዜር ይይልኝ።

አምባ ጊዮርጊስ። ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል፣ ሽታውን አውቀዋለሁ፣ የደጋ ነፋስ የድንጋይ ሽታ አለው። ልጅ ሳለሁ ጧት ስነሳ የእንስራው ውሃ አፉ ላይ በረዶ ሠርቶ አገኘዋለሁ፣ በጣቴ እሰብረዋለሁ፣ ጣቴ ይሰነጠቃል፣ ነርስ ልሆን ጎንደር የወረድሁት ሰው ለማዳን ብቻ አይደለም፣ ብርድ ሸሽቼ ነው፣ አዘዞ ቤት የሠራነው ዝቅ ስለሚል ነው፣ ሞቅ ስለሚል። ብርድ የሚሸሹት እንጂ ቲኬት ቆርጠው የሚጎበኙት ነገር ነው እንዴ። ይህን ብለው ሳቀ። አንቺ በብርድ ያደግሽ፣ እዚያ እንግዳ የምሆነው እኔ ነኝ አለኝ። የደንቢያ ሰው ነው፣ የኮላ ድባ ሜዳ ልጅ፣ ተራራ ሲያይ አሁንም ደንግጦ ዝም ይላል።

ሁሉን ያመጣው ሐምዛ ነው፣ ሐምዛ ድሮ ያስተማረው ልጅ ነው፣ የአራዳ ጨርቅ ነጋዴ ልጅ። ዋኘው ሰሌዳው ላይ ምድርን ለሁለት ሰንጥቆ ይስልና፣ ተማሪዎች፣ መሬት ስትለያይ በደረቅ እግራችሁ ቆማችሁ የምታዩባት አንዷ የኛው አፋር ናት፣ ሌላዋ አይስላንድ ይላል፣ ክፍሉ ያዛጋል፣ ሐምዛ ብቻ እጁን ያወጣል። አሁን እዚያው ደሴት ላይ ኢንጂነር ነው፣ ሊማር ሄዶ ቀረ፣ ከመሬት ሆድ የሚወጣውን እንፋሎት መብራት ያደርጉታል አሉ። ደወለ። ቲቸር፣ ያስተማሩኝን መሬት በዓይንዎ ሳያዩ እኔ አላርፍም፣ ሰኔ ላይ ኑ፣ መኝታው የኔ፣ መኪናው የኔ፣ ፀሐይ አትጠልቅም፣ ሙሉ ቀን ሙሉ ሌሊት አስጎበኛችኋለሁ። እኔ ስልኩን ተቀብዬ፣ ሐምዛዬ፣ ፀሐይ ካልጠለቀች የሰኔን ጾም በምን ሰዓት ነው የምፈታው አልሁት፣ ሳቀና፣ እትዬ ሐረገወይን፣ አንድ ዓመት ሮመዳን ሰኔ ላይ ውሎብኝ ያየሁትን እኔን ይጠይቁኝ አለ። ሸጋ ልጅ ነው። እንቢ የማይሉት ዓይነት ሸጋ። ቪዛው ይከለክለናል ብዬ ተማምኜ ነበር፣ ሰውን ሁሉ የሚከለክል ቪዛ ለኛ ወጣ።

ትዕግስት ባሕር ዳር ሆና ስትሰማ፣ እማዬ አለችኝ፣ አባዬ በዚህ ዓይኑ፣ ደሴት ከሆነ ያማራችሁ ጣና ላይ ሞልቶ የለም እንዴ፣ በጀልባ እወስዳችኋለሁ፣ ሞቃት ደሴት።

በዚህ ዓይኑ። አዎ። ዓይኑ።

ግላኮማ ነው። የዓይኑ ግፊት ነው። ሐኪሟ ልጅ ናት ግን ጎበዝ ናት፣ መጀመሪያ የሚሄደው ዳር ዳሩ ነው፣ መሐሉ ይቆያል አለች፣ ጧትና ማታ ጠብታውን የምጨምርለት እኔ ነኝ፣ ራሱን ወደኋላ ጥሎ ጣራውን እያየ፣ ሐረግ አንድ ጠብታ ጉንጬ ላይ ባከነች ይለኛል። የሄደው ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኋት፣ ሲስተር፣ እርስዎ የሙያው ሰው ነዎት አለችኝ። ገባኝ። እሱ ግን ደህና ነኝ ባይ ነው። የበሩ መቃን ላይ ትከሻውን ይመታና በሩ ጠበበ ይላል። ብርጭቆ በክርኑ ይጥልና ማን እዚህ ጋ አስቀመጠው ይላል። እንዲህ ያለ ሰው ይዤ ባሕር ልሻገር፣ ያ አገር በረዶና ገደል ነው፣ ቋንቋው አይገባኝ፣ አንድ ነገር ቢሆን ማንን ልጣራ። ይቅር። ይቅር ነው እንጂ።

ዳባት ላይ አስወረዱን፣ ፍተሻ ነው፣ መንገዱ የተከፈተ ሰሞን እንዲህ ነው፣ መታወቂያ፣ ቦርሳ፣ ፈታሹ የዋኘውን ካፖርት ዘርግቶ አየና አባባ ይኸን ለብሰው ወዴት ነው፣ አይስላንድ፣ አለ ዋኘው በሙሉ ልቡ፣ የት ነው እሱ፣ ከደባርቅ ወዲያ ነው አልሁ እኔ፣ ሰዉ ሳቀ፣ ፈታሹም ሳቀ፣ በሉ ሂዱ አለ። ዋኘው መኪና ውስጥ ገብቶም ይስቃል። ከደባርቅ ወዲያ፣ ልክ ነሽ፣ በካርታ ልክ ነሽ፣ ወደ ሰሜን ነው፣ ይልና እጄን ይይዛል። አትያዘኝ። እንዲህ ስትይዘኝ አፌ ይታሰራል።

ደባርቅ። አያ ሰጠኝ መናኸሪያው በር ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ቆሟል፣ አርጅቷል፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ ምነው ከሳሽ አለኝ፣ ሁልጊዜ የሚለው ይኸን ነው፣ ባጃጅ ይዘን ወደ አፋፉ ስንሄድ ዋኘውን አየት ያደርግና፣ ምነው አያ ዋኘው፣ ብርድ ፍለጋ ባሕር ትሻገራላችሁ፣ እኛ ዘንድ ብርድ ጠፍቶ ነው። ዋኘው ይመልስለታል፣ የናንተ ብርድ መሰናዶ ነው፣ የነሱ ዩኒቨርሲቲ። አያ ሰጠኝ ሳይወድ ይስቃል። ይዋደዳሉ እነዚህ ሁለቱ፣ ሚዜና ሙሽራ ይመስላሉ። እንዴት አድርጌ ነው በዚህ መሐል።

ወረድን። ሊማሊሞ። ነፋሱ ነጠላዬን ወስዶ አፌ ላይ ጠቀለለው፣ ከታች ጉም ሞልቶ ይፈላል፣ ዋኘው ካፖርቱን ለበሰ፣ እስከ አገጩ ቆለፈ፣ እጁን ወደ ጎን ዘረጋ፣ ነፋሱን ያዘ ሐረግ፣ ፈተናውን አልፏል፣ ካፖርቱ አለፈ፣ እያለ በሣሩ ላይ ይራመዳል። አሁን ነው። አያ ሰጠኝ፣ ልነግርህ የምፈልገው ነገር አለ፣ አልሁ። አያ ሰጠኝ ስለ ገብሱ ያወራኝ የነበረውን ተወና ዞረ። እኔ አፌን ከፍቼ ዋኘውን አየሁት።

ወደ ግራ ያጋድላል።

ዓይኑ ሩቅ ተራራ ላይ ነው፣ ፊቱ በርቷል፣ እግሩ ግን ወደ ግራ፣ ወደ ግራ፣ ሣሩ ወደሚያልቅበት፣ ከዚያ ወዲያ ጉም ብቻ ወዳለበት፣ ሊጠራ የተከፈተው አፌ ተዘጋ፣ ብጮህ ይዞራል፣ ከዞረ ይወድቃል፣ ጉልበቴ ያማል የምለው ጉልበቴ ሮጠ፣ ሮጥሁ፣ የካፖርቱን ጀርባ በሁለት እጄ ጨብጬ ወደኋላ ተጣልሁ፣ እሱም እላዬ ላይ፣ ሁለታችንም ሣር ላይ። ከእግሩ ሥር ጠጠር ተንሸራተተ። ሲያርፍ ድምፁን ጠበቅሁ። አልመጣም።

አላየኸውም።

የቱን አለኝ።

የቱን። የቱን ይለኛል። ገደሉን። አገር የሚያክለውን ገደል። ደረቱን በቡጢ መታሁት፣ ካፖርቱ ወፍራም ነው አልተሰማውም፣ ደግሜ መታሁት፣ ደህና ነኝ ትለኛለህ፣ በሩ ጠበበ ትለኛለህ፣ አለቅሳለሁ፣ ወንድሜ ፊት አለቅሳለሁ፣ ዋኘው ተቀምጦ ሣር ከእጅጌው ላይ ያራግፋል፣ ቀስ ብሎ፣ ግራው ከሄደ ቆይቷል ሐረግ አለ። ሐኪሟንም እንዳትነግርሽ ለምኛት ነበር። ብታውቂ እንደማትሄጂ አውቃለሁ። መሐሉ ሳይዘጋ አንዴ ልየው ብዬ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

አያ ሰጠኝ ደርሶ በላያችን ቆመ፣ እንግዲህ ይቅር አለ። ይቅር፣ ምነው፣ ገደል ለማየት ያን ያህል አገር መሄድ፣ እሷንም ይዘህ ገደል ትገባለህ።

ልለው የመጣሁትን አለልኝ። ቃል በቃል። ከሰው አፍ ስሰማው ግን ምን ሆነና ነው እንዲህ የቀፈፈኝ።

ዋኘው ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ ነህ አያ ሰጠኝ፣ ይቅር፣ አለ። ያለ ክርክር። በጨዋነቱ ልይዘው አልነበረ፣ ይኸው ተያዘልኝ፣ የካፖርቱን ቁልፍ ከላይ ጀምሮ ይፈታል፣ አንዱን፣ ቀጣዩን፣ ጣቱ በብርድ ደንዝዞ ቁልፉን ይስታል፣ ደስ ሊለኝ ይገባል፣ እፎይ ልል ይገባል፣ አዘዞ እንመለሳለን፣ ካርታው ይጠቀለላል፣ ጧትና ማታ ጠብታ፣ ጣራ፣ ከዚያ ጣራውም ይጠፋል፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ሞቆኝ እኖራለሁ።

አንድ ነገር ብቻ፣ አለኝ፣ እዚህ ድረስ ከመጣን። በግራዬ ምንድነው ያለው።

ምን አለ፣ ገደል ነዋ።

እሱንማ ነገርሽኝ። ምን ይመስላል።

ምን ይመስላል። እኔ እዚህ ነው ያደግሁት፣ በዚህ አፋፍ ደረቅ የአስታ እንጨት ለቅሜ ተሸክሜ ተመልሻለሁ፣ ዓይኔ እግሬ ላይ ነበር፣ ሸክሜ ላይ፣ ማን ቆሞ ያያል። ዞርሁ። አየሁ። ጉሙ በአንድ በኩል ተቀድዷል አልሁት። በቀዳዳው ታች መንገዱ ይታያል፣ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ የጭነት መኪና አለበት፣ የጥፍሬ ያህል ነው፣ አይሰማም። ከወዲህ የገደሉ ግንብ ነው፣ ጥቁር ነው፣ አይ ጥቁር ብቻ አይደለም፣ ቆይ፣ ድርብ ድርብ ነው፣ እንደ ተከመረ ምንጣፍ፣ ጥቁር ከዚያ ቀይ ደግሞ ጥቁር። ስንት ድርብ አለኝ፣ ድምፁ ተቀየረ፣ የክፍል ድምፁ ነው፣ ብዙ ነው አልሁ፣ እያንዳንዱ አንድ እሳተ ገሞራ የፈሰሰበት ዘመን ነው አለ፣ ቀዩ ደግሞ አፈር ሆኖ ያረፈበት፣ ቀጥይ። ጭላዳ ዝንጀሮ አለ፣ ጫፉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች፣ ፀጉሯን ነፋስ ይከፍለዋል። ቀጥይ። አሞራ አለ። የት። ከታች አልሁ፣ ከታቻችን ነው የሚበረው ዋኘው፣ ጀርባው ይታየኛል፣ ክንፉ ላይ ፀሐይ አለ። የሚበር ነገር ጀርባውን አይቼ አላውቅም። በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ።

ከዚያ የሆነ ነገር ውስጤ ወዲህ ዞረ፣ በር ሲከፈት እንደሚሆነው ዓይነት፣ እዚያስ ምን ዓይነት ነው፣ አልሁ ለራሴ፣ ያ የሚተፋው ውሃ፣ ሲወጣ ድምፅ አለው፣ የማትጠልቀዋ ፀሐይ ምን ላይ ታርፋለች፣ የነሱስ ገደል ድርብ ነው። እሱ እንዲያየው ስጨነቅ፣ እሱ እንዳይሄድ ስጨነቅ፣ እኔ ማየት እፈልግ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ካፖርትህን ቆልፍ አልሁት።

ይቅር ብለናል እኮ ሐረግ።

አንተ ነህ ያልኸው። እኔ አይስላንድ ልሄድ ነው። ከፈለግህ ትከተለኛለህ፣ በቀኜ በኩል ትሆናለህ፣ ግራው የኔ ነው፣ ክንዴን ለአንዲት ደቂቃ ብትለቅ እዚያው በረዶ ላይ ጥዬህ እመጣለሁ።

አያ ሰጠኝ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ያያል፣ ጉድ ነው ይላል፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው ይመልሳል፣ መቼ ነው የምትሄዱት አለ በመጨረሻ፣ ሰኔ አልሁ፣ እንግዲያማ ለማርያም ስለት ልሳል አለ። ዋኘው በደነዘዘ ጣቱ ቁልፉን ይታገላል፣ ፊቱ ርጥብ ነው፣ ነፋሱ ነው ይላል ብጠይቀው፣ ስለዚህ አልጠየቅሁትም፣ ቆለፍሁለት፣ እስከ አገጩ፣ ክንዱን ከክንዴ አስገባሁ፣ ከባድ ነው፣ ሞቃት ነው።

የጭነት መኪናውስ አለኝ፣ ወረደ ወይስ እየወጣ ነው።

ቆይ፣ ጉሙ መጣበት፣ ቆይ እስኪገለጥ።