የጠቦቱ ማሰሮ

ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትሆን አምላካችን በአል ሐሞን እጆቼን ከሸክላው ጋር እቶን ውስጥ ይክተታቸው። በካርቴጅ ከእኔ ከገርሳኮን የሚስተካከል ሸክላ ሠሪ የለም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ ወደቡ በሙሉ ነው የሚለው።

ያን ጠዋት ቦድአሽታርት የሚባል ወጣት ዓሣ አጥማጅ ፊቱ አመድ መስሎ ሱቄ ገባ።

«ጋሼ፣ ማሰሮ ፈልጌ ነበር። ትንሽ... ክዳን ያላት።»

ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አባቶቻችን ከጢሮስ ይዘውት በመጡት ሥርዓት፣ ለበአል የተሳልነው ሕፃን በእሳት ካለፈ በኋላ አጥንቱ የሚቀበረው በዚያች ማሰሮ ነው። ጠቦት የተሳለም የጠቦቱን አጥንት ይቀብርባታል።

«ምንድን ነው የተሳልከው?»

«ማዕበል ይዞን ነበር፣ ጋሼ። በአል ሆይ፣ ካወጣኸኝ የሚወለደውን ልጄን እሰጥሃለሁ ብዬ ጮኽኩ። የጀልባው ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። ሴት ልጅ ተወለደች። የስለቱ ቀን ነገ ነው። እናቷ ከጡቷ አላላቅቅም ብላ ሦስት ቀኗ፤ እህል አልቀመሰችም።» ይህን ብሎ እያለቀሰ መሬት ላይ ተዘረፈጠ።

«ለዚህ ነው እንዴ የምታለቅሰው? አንተ ሰውዬ፣ ወደ ትክክለኛው ቤት መጥተሃል!» አልኩትና ታሪኬን ጀመርኩለት።

የዛሬ ሃያ ዓመት የወንድሜ መርከብ ጠፋች። መቅደሱ ደጃፍ ተሰብስበን ሳለ ጎረቤቴ አንድ ጠቦት ተሳለ። ከእርሱ ላንስ ነው? ሁለት አልኩ። ሦስት አለ። ደረቴን ነፋሁና «ወንድ ልጅ!» አልኩ። ምን ቸገረኝ? ሚስቴ አሪሻት ዐሥር ዓመት ሙሉ አልወለደችም። በማግስቱ መርከቧ ገባች። በዘጠኝ ወሩ አሪሻት ወንድ ልጅ ወለደች፤ ሲወለድ ጥርስ ያበቀለ፣ ሁለት አዋላጅ ተጋግዘው ያነሱት ልጅ!

«ከዚያስ?» አለ ቦድአሽታርት።

«ከዚያማ ጠቦት ገዛሁ። በልጁ መጠቅለያ ጠቀለልኩትና ‹እንዳትጮህ› ብዬ በጆሮው ነገርኩት። አልጮኸም! ሰባት ካህናት ቆመዋል፣ ዋሽንትና ከበሮው ምድርን ያናውጣል። ሊቀ ካህኑ ተቀበለኝና ‹እንዲህ ያለ መልከ መልካም ልጅ አይቼ አላውቅም› አለ። በግ እኮ ነው! ልጄን በወይን ጋን ደብቄ ወደ ሲሲሊ ሰደድኩት። ዛሬ መቶ ቀዛፊ ያዝዛል። ማሰሮው ያው እዚያው ተቀብሯል። ከሺህ ዓመት በኋላ ሰው ቆፍሮ ቢያወጣው እንኳ የሚያገኘው የጠቦት አጥንት ነው፤ አጥንቱ ይመሰክርልኛል!»

ቦድአሽታርት ተንበርክኮ ጉልበቴን ሳመ።

«ይሆናል ማለት ነው? ጋሼ፣ በሞቴ፣ እውነትህን ነው? አሁኑኑ ጠቦት ልግዛ?»

«ግዛ እንጂ! ካላመንከኝ እሷን ጠይቃት፤ ያቻትና አሪሻት። አንቺ፣ ንገሪው እስቲ!»

አሪሻት ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ማሰሮ ላይ የመያዣ ጆሮ ትለጥፍ ነበር። ቀና አላለችም። ጣቷን ውሃ ነከር አድርጋ ጭቃውን አለሰለሰችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ካህኑ መጠቅለያውን ይፈታል፣ ልጄ። ጠቦት አትግዛ። ጀልባ አለህ አይደል? እናቲቱንና ልጅቷን አሳፍረህ አሁኑኑ ውጣ። ያን ማሰሮ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጠቦቱ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ አርጅቶ ነው የሞተው።»