አርፈዋል የተባሉት አሥራ አንድ ሰዎች

የስታቲስቲክስ መምህራችንን «ከስንት» እንለዋለን። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም እንዳለው አውቃለሁ፤ ግን የሚጠራበት ተማሪ የለም። «ብዙ ታማሚዎች ተሽሏቸዋል» ካልሽው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ «ከስንት?» ይላል። «ከመቶ» ስትይው ደግሞ «የቀሩትስ የት ገቡ?» ብሎ ያፋጥጥሻል። እኔ አሥር ዓመት ሙሉ በሐኪምነት ሠርቼ፣ መደመርና ማካፈልን እንደ አዲስ ተቀምጬ መማሬ ያበግነኝ ነበር። ትምህርቱን የወሰድኩት ያለሱ መመረቅ ስለማይቻል ብቻ ነው። ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን የምትመሰክረው ፒ ቫልዩ ከ0.05 ትነስልኝ እንጂ የቀረው ጣጣ የራሱ የከስንት ነው ባይ ነበርኩ።

የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ልብ ድካም ነው። ከመቶ ሃያ ታማሚዎች ግማሾቹ እንደተለመደው አንድ አንድ እንክብል፣ ግማሾቹ ሁለት ሁለት እንክብል ጠዋትና ማታ ለስድስት ወር ወሰዱ። ከዚያ በየቤታቸው እየተደወለ እንዴት እንደሆኑ ተጠየቀ። ሁለት ከወሰዱት ስልሳ ሰዎች አርባ ስምንቱ ደህና ሆኑ፤ አንድ ከወሰዱት ስልሳ ደግሞ ሠላሳ ሰባቱ። ፒ ቫልዩ 0.027 ወጣች። ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ ክፍሉን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። የዚያኑ ቀን አባቴ ቤት ሄድኩ። አባቴ ልቡ ከደከመ ሦስት ዓመቱ ነው። የራሱን ሐኪም እንኳ ሳላማክር «አባዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሁለት ነው የምትውጠው» አልኩት። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል።

ጥናቴን ነገ ጠዋት አቀርባለሁ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከስንት ሰንጠረዦቼን ለመጨረሻ ጊዜ ሊያይልኝ ቢሮው ጠራኝ። እሱ ያነባል፣ እኔ የእስክሪብቶዬን ጫፍ ቀጭ ቋ አደርጋለሁ።

«ስንት ሰው ሞተ?» አለኝ።

«ማንም አልሞተም፣ መምህር።»

«ከስንት?»

«ከመቶ ሃያ።»

መነጽሩ ወደ ግንባሩ ወጣ። «መቶ ሃያ የልብ ድካም ታማሚ፣ ስድስት ወር ሙሉ፣ አንድም ሰው አልሞተ! እንዲህ ያለ ሆስፒታል ካለማ ለእኔም ከአሁኑ አልጋ ያዢልኝ።»

«የሞት ዓምዱ ባዶ ነው እኮ።»

«ባዶ ማለት አልሞተም ማለት ነው ወይስ አልተጻፈም ማለት ነው?»

ወረቀቶቼን ሰብስቤ፣ ደህና ዋል እንኳ ሳልለው ወጣሁ። ተናድጄ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከንዴቱ ሥር ፍርሃት ነበረበት።

ስልክ ሲደውሉ የከረሙት የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ ናቸው። እትዬ እንላቸዋለን። ረጋ ያሉ፣ ከታማሚውም ከቤተሰቡም ጋር አብረው የሚያለቅሱ ሴት ናቸው። ፋይል እየደረደሩ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ይሄ ዓምድ ለምንድን ነው ባዶ የሆነው?»

«የቱ ልጄ?»

«የሞቱት የሚጻፉበት።»

እጃቸው ፋይሉ ላይ እንዳለ ቀረ። «ኧረ ልጄ! ቤተሰቡ ገና እያለቀሰ እኔ በዚህ እጄ ‹ሞተ› ብዬ ልጻፍ? አርፈዋል ብዬዋለሁ እንጂ።»

«የት ላይ?»

«እዚህ፤ ‹አሁን ምን ላይ ናቸው?› የሚለው ላይ።»

ክው አልኩ። ለዚያ ጥያቄ ሦስት መልስ ነበር ያዘጋጀሁት። አንድ፣ ሥራቸውን ይሠራሉ። ሁለት፣ እያረፉ ይሠራሉ። ሦስት፣ አልጋ ላይ ናቸው። እትዬ ግን የሰማሁትን ነው የምጽፈው ብለው ሁሉንም በራሳቸው ቃል ሞሉት። እኔ ደግሞ መቶ ሃያ መስመር አንድ በአንድ ማንበብ ሰለቸኝና ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ ሰጠሁት፤ እያረፉ፣ አረፍ እያሉ፣ አርፈው፣ አርፈዋል፣ ብቻ ማረፍ ያለበትን ሁሉ ወደ ሁለት ቁጥር ቀይርልኝ አልኩት። አንድና ሁለት ቁጥር ያላቸውን «ደህና» ብዬ ቆጠርኩ። የሞቱትን ሰዎች ደህና ናቸው ብዬ ከመሰከርኩ በኋላ ነው ክፍሉን ሦስት ጊዜ የዞርኩት።

«አርፈዋል ያሏቸው ሁሉ የሞቱ ናቸው?»

«ሁሉማ አይደሉም። ጋደም ብለው ያረፉም አሉባቸው። የስልኩ ድምፅ ያስታውቃል እኮ።»

ድምፁ ለእሳቸው ያስታውቃል፤ ወረቀቱ ላይ ግን አልተጻፈም። ስፈልጋቸው «አርፈዋል» የተባሉት አሥራ አንድ ሰዎች ሆኑ። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥር ሰዓት ከሩብ። አባቴ የማታ መድኃኒቱን የሚውጠው አሥራ ሁለት ላይ ነው። ወዲያው ልደውልለት ይገባኝ ነበር። አልደወልኩም። አሥራ አንዱም ጋደም ብለው ያረፉ ሆነው ይገኙ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ በዚህ አፍራለሁ።

ቁጭ ማለት ስላቃተኝ ኮሪደሩ ላይ እየተንጎራደድኩ መደወል ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሴት ልጁ አነሳችው።

«ከሆስፒታል ነው። አባትሽ... አርፈዋል የሚል ተጽፎ ነበር።»

«አዎ፣ አርፈዋል።»

«እንዴት ማለት?»

«እንዴት ማለት ማለት ምን ማለት ነው? ሞቱ ነው የምልሽ!» ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ።

ሁለተኛው ላይ ሚስትየዋ ናት። «እሱማ ምን ሆኖ፣ አርፎ ተቀምጧል። ላገናኝሽ?» ስትለኝ ባላውቃትም ልስማት ቃጣኝ። ሦስተኛው ሞቷል። አራተኛው ሞቷል። አምስተኛዋ ቤት ስልኩን ያነሳው ባልየው ነው፤ አልተቆጣኝም። ደረጃ ላይ ወድቃ እንደሞተች ነገረኝና «መድኃኒቷን አንድ ቀን አጓድላ አታውቅም» አለኝ። ጽዳት ሠራተኛዋ የወለል መጥረጊያዋን ይዛ እስካልፍላት ትጠብቀኛለች፤ እኔ ግን እየተመለስኩ ያንኑ የተወለወለውን እረግጥባታለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስኩ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ሞተዋል። ከዘጠኙ ስምንቱ ሁለት እንክብል የወሰዱት ናቸው። ስምንት ለአንድ። ፒ ቫልዩ ለማስላት እጄም አልሄደ።

አባቴ በሁለተኛው ጥሪ አነሳው።

«የማታውን ውጠሃል?»

«ገና ነኝ። ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«እንዳትውጥ። ጠዋት ወደ ሐኪምህ አብረን እንሄዳለን። ሁለት የሚባል ነገር ከእንግዲህ የለም።»

«ኧረ እኔ ተሽሎኛል! ዛሬኮ ደረጃውን አንዴም ሳልቆም ነው የወጣሁት። ለሰፊው ስነግረው ጉድ አለ።»

ሰፊው ከአባቴ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱም የልብ ታማሚ ነው፣ መድኃኒታቸውም አንድ ዓይነት ነው።

«ምን ብለህ ነገርከው?»

«ልጄ በጥናት አረጋግጣለች፣ አንተም ሁለት ሁለት ውሰድ አልኩት። ሲያልቅበት ከራሴ እየሰጠሁት ነው።» ድምፁ ውስጥ ኩራት ነበረበት።

«አባዬ፣ ተሳስቻለሁ። ሰዎች ሞተዋል።» ቃሉን ሳልሸፋፍን ያወጣሁት ያኔ ነው።

«ስንት?»

«ሁለት ሁለት ከወሰዱት ስምንት።»

«ሰፊው ማሽኑ ላይ ሲሆን ስልክ አይሰማም፤ እኔው ልውጣ» አለ።

«በናትህ ቀስ ብለህ። ስልኩንም እንዳትዘጋው።»

ኪሱ ውስጥ ከተተው። የበሩ መከፈት፣ ከዚያ ነጠላ ጫማው ደረጃው ላይ ተሰማኝ። ስድስት ደረጃ ወጥቶ ቆመ። ትንፋሹ በኪሱ ጨርቅ ውስጥ አልፎ እስከ ጆሮዬ ደረሰ። አራት ወጣ፣ ቆመ። ሦስት ወጣ፣ ቆመ። በዚህ ጊዜ ብዙ ቆየ፤ ተመለስ ብዬ ጮህኩ፣ አልሰማኝም። ሁለት ወጣ፣ ቆመ። በመጨረሻ በር ተንኳኳ፣ የስፌት ማሽኑም ጸጥ አለ።

«ውይ፣ ደግሞ ጀመረህ?» አለ ሰፊው። «ና፣ ና ቁጭ በል። ትናንትም ከትናንት ወዲያም እንዲሁ ሆነህ ነው የመጣህብኝ። ሁለቱን ከጀመርክ ወዲህ ብሶብሃል፣ ለልጅህ ንገራት አላልኩህም?»

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዝም በል፤ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነው» አለው። «ትሰማለች። ነገ ጥናቷን ልታቀርብ ነው።»