የወገኔ ልብ ዳርቻ

ወገኔን የሰደበው ገብረአብ ነው፤ የእህቱ ባል። ቀኑም በ2010 ዓ.ም. የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ጎረቤላ ከተማ፣ እዚያው ገብረአብ ቤት፣ ሰው ሁሉ ገበታ ከብቦ ሳለ ነው። «ለወገኔ አጥንቱን አቀብሉት፤ ሥጋ ስላልለመደ ሆዱን ያመዋል» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጆሯቸው የማይሰማው መምሬ ወልደ ሰንበት እንኳ ሰው ሲስቅ አይተው ሳቁ። ወገኔ በተለይ የእሳቸውን ሳቅ አልረሳም።

መልስ የማያውቅ ሆኖ አይደለም። የወገኔ ችግር፣ መልሱ የሚመጣለት ቤቱ ገብቶ ከተጋደመ በኋላ መሆኑ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረውም አስተማሪው ለሰደበው ስድብ መልስ ሲያሰናዳ ፈተናው አልፎት ነው፤ እሱ ግን ጥፋቱን የአስተማሪው ያደርገዋል።

ዘንድሮ ከአሊዩ አምባ ገበያ ሲመለስ፣ ዳገቱ ላይ ያቺኑ የገብረአብን ነገር እያመነዠከ ሳለ ደረቱን አንዳች ነገር ጨመደደው። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አድርሰው አስተኙት፤ ደም ተወሰደለት። በማግስቱ ዶክተር ፀደንያ ውጤቱን አየችና «ጋሽ ወገኔ፣ ደምዎ ውስጥ አንድ ፕሮቲን በጣም ከፍ ብሏል» አለችው።

ወገኔ ትራሱ ላይ ቀና አለ። ፕሮቲን ምን እንደሆነ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አይቷል፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት ነው።

«እስቲ በወረቀት ጻፊልኝ፤ የማሳየው ሰው አለኝ።»

ዶክተሯ ሳቋን ዋጠች። «የበሉት እኮ አይደለም። ልብዎ ራሱ የሠራው ነው። የደም ሥሩ ሲዘጋ የልብዎ ሕዋሶች ሞቱና የያዙት ወደ ደም ፈሰሰ።»

«ሞቱ?»

«የተወሰኑት። ደም ሲያጣ አንዳንዱ ያብጥና ይፈነዳል፤ በውስጡ ያለውን ሁሉ ጎረቤቱ ላይ ይደፋል። ሌላው ደግሞ ራሱን የሚያጠፋበትን ፕሮቲን ያዘጋጅና ኩምትር ብሎ በጸጥታ ይሞታል።»

«ይሄኛውስ ተሰድቦ መሆን አለበት።»

«ከሞቱት ዳር ያሉት ግን ገና አልለየላቸውም። የሚጠግናቸውንም የሚያጠፋቸውንም ፕሮቲን እየሠሩ ነው። መድኃኒቱ በእኛ በኩል ነው፤ የእርስዎ ድርሻ አለመናደድ ነው። ከተናደዱ ልብዎ ላይ ሥራ ይበዛበትና ዳር ያሉትንም እናጣቸዋለን። ሰው ቢያናድድዎት ትተውት ይሂዱ።»

ጨው ተው ቢሉት ይሻለው ነበር። ቢሆንም ፈራ። ደረቱን በመዳፉ ይዞ እነዚያን ዳር ላይ ቆመው የሚያመነቱትን አሰበና አዘነላቸው። የእሱው ቢጤ ናቸው፤ የደረሰባቸውን አይረሱም።

ቀስ እያለ ኮሪደሩ ላይ እንዲንሸራሸር የተፈቀደለት ቀን ገብረአብ ብርቱካን አንጠልጥሎ መጣ። አገላብጦ ሳመው፣ እንባውን ጠረገ፤ ከዚያ አላስችል አለው።

«ምነው ወገኔ፣ እንደ አጥርህ መሞቱንም ጀምረህ ተውከው?»

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት አስታማሚዎች ሳቃቸውን ለቀቁት። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ።

ያኔ መልሱ መጣ። እዚያው፣ ሳቁ ሳይበርድ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ መጣ። የአንተ አጥር ደህና ከሆነ፣ ታዲያ እህቴ ሦስቴ በየት በኩል ጠፋችብህ? እንዴት ያለ መልስ! ጎረቤላ ዓመት ሙሉ ይስቅበት ነበር።

አፉን ከፈተ። ልቡ ድው ድው አለ። ዳር ያሉት ትዝ አሉት።

አፉን ገጠመና ፊቱን አዙሮ መራመድ ጀመረ።

«ወገኔ! ኧረ ወገኔ!» ገብረአብ ደነገጠ። «ሰውየውን አመመው እንዴ? ኧረ ስደበኝ፣ በእመብርሃን!»

ወገኔ መልሱን እንደ ትኩስ ገንፎ ጉንጩ ውስጥ ይዞ፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ቀስ እያለ ሄደ።