መጠባበቂያው ሰርቨር የሚያውቃት ሴት

የአማተር ሬዲዮ ክለቡን ሰርቨር የሚጠብቀው ሰውዬ ቅጽል ስሙ «ቁልፍ» ነው። አባላቱ ያወጡለት ሊያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ሙገሳ ቆጥሮታል። በየከተማው ያሉ አባላት በሬዲዮ ሰላም የሚባባሉት በእሱ ሰርቨር በኩል ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ የወለደች እናቱንም አያስገባም።

አምና ታላቅ እህቱን ከአባላት ዝርዝር ሰረዛት። ሬዲዮ ያስተማረችው እሷ፣ ሰርቨሮቹን አብራው የገጠመችው እሷ። ጥፋቷ ፓስዎርዱን በወረቀት ጽፋ ዋናው ማሽን ላይ መለጠፏ ነው። «ይሄማ ለሌባ በር መክፈት ነው!» ብሎ ወረቀቱን ቦጫጨቀው፣ የሁሉንም ሰው የይለፍ ቃል አስቀየረ፣ እሷንም አባረረ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ክለቡ ግን ተጠብቋል፤ ከማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም።

ዛሬ ረፋድ ላይ የአደጋ መከላከል ቢሮ ኃላፊዋ መጥተዋል። ክለቡ ክፍሉንና ጣራው ላይ ያለውን አንቴና ይዞ የሚቆየው እሳቸው የፈቃዱን ቅጽ ከፈረሙ ብቻ ነው። ቁልፍ ደረቱን ነፍቶ «ዋናው ቢሞት መጠባበቂያው በአስር ሰከንድ ይረከባል» አለና የዋናውን ሰርቨር የኤሌክትሪክ ገመድ በገዛ እጁ ነቀለው።

እውነትም በዘጠኝ ሰከንድ ተረከበ። ቁልፍ ጭብጨባ ጠበቀ።

የመጣው ግን ስክሪኑን የሞላ ቀይ ጽሑፍ ነው፦ የይለፍ ቃል ተሳስቷል፣ የይለፍ ቃል ተሳስቷል። ለካ ያን ጊዜ ሁሉን ሲያስቀይር መጠባበቂያውን ረስቶታል። ትእዛዙን ያከበረ ሁሉ ውጭ ቀረ፣ ራሱ ቁልፍ ጭምር። ገመዱን መልሶ ቢሰካው ዋናው ሰርቨር አንዴ አቃስቶ ዝም አለ።

«ምን እየሆነ ነው?» አሉ ኃላፊዋ።

«ጥበቃው... በደንብ እየሠራ ነው።»

በዚህ መሀል ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ። «ውይ፣ ገባሁ እንዴ? ሃሎ፣ ማን አለ?»

እህቱ ናት። መጠባበቂያው የያዘው እሷ ሳትሰረዝ የነበረውን ዝርዝር ነው፤ እሷ ደግሞ ፓስዎርድሽን ቀይሪ ያላት ሰው አልነበረም።

«አይመልሱላትም?» አሉት ኃላፊዋ።

«አልችልም። እሷን ያስገባል፣ እኔን አያስገባኝም።»

ኃላፊዋ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ረጅም ነገር ነበር።

የመጠባበቂያው የአስተዳዳሪ ፓስዎርድ ቢገኝ ሁሉም ይስተካከል ነበር። እሱም ከጭንቅላቱ ጠፍቷል። ስልኩን አወጣ፤ እንዲህ የከበደው ስልክ ደውሎ አያውቅም።

«እቴቴ...»

«አንተ ነህ? ምነው፣ አመመህ እንዴ?»

«ደህና ነኝ። የመጠባበቂያው ፓስዎርድ ጠፋኝ።»

ስድቧን ጠበቀ፤ ይገባዋልም። እሷ ግን «ማሽኑን አንሳና ሥሩን እየው» አለችው።

አነሳው። ከሥሩ በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ። ይህን ማሽን ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ አቧራውን ጠርጎለታል። ከላይ ፓስዎርዱ ተጽፏል፤ ከታች ደግሞ በእህቱ እጅ፦ «ወንድሜ ይረሳል። ሲረሳ ይሸማቀቃልና አትሳቁበት።»

ኃላፊዋ በትከሻው አሻግረው አንብበው አልሳቁም። ቅጹን ፈረሙና ከሥሩ አንድ ግዴታ ጨመሩ፦ ወረቀቱ እንዳይነሳ።

ቁልፍ ፓስዎርዱን አስገብቶ የራሱን የይለፍ ቃል አስተካክሎ ገባ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ማይክሮፎኑን አነሳ።

«እቴቴ፣ እኔ አለሁ» አላት።