የልብስ ሰፊው ጠርሙስ

ሥላሴን! ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ጥርት ያለ እውነት ነው። ያላመነ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወርዶ አህዮቹን ይጠይቅ።

የልብስ ሰፊው የዘገዬ ሰልስት ነው። ሚስቱ ወርቅአፈራሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየዘገኑ የሚንሾካሾኩትን ሁሉ ትሰማለች።

"የሳንባ ምች ነው አሉ።"

"ኧረ ተይኝ! አረቄው ነው እንጂ። እጁ እኮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለባሌ የሰፋለትን ሱሪ አላየሽም? አንዱ እግር ወደ ሐረር፣ አንዱ እግር ወደ ጅማ!"

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ወርቅአፈራሁም ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። የድሮው ዘገዬ ቢሰማት ከሁሉም በላይ እሱ ይስቅ ነበር።

የሟቹ ታላቅ እህት እትዬ አይናዲስ ግን አልሳቁም። ከስፌት መኪናው ሥር ያገኙትን የአረቄ ጠርሙስ አምጥተው ፊቷ አቆሙት።

"በይ ንገሪኝ! ወንድሜ ይህን እየጨለጠ ሲያልቅ አንቺ ምን ትሠሪ ነበር? አንድ ቀን እንኳ ቀምተሽ አልደፋሽበትም?"

ወርቅአፈራሁ የነጠላዋን ጫፍ ጨበጠች። እዚያ የቋጠረችው ከዘገዬ የተረፈ ነጭ ክኒን ነው። ቋጠሮውን ብትፈታው ከዚህ ወቀሳ ትድናለች። ግን ቃል ገብታለታለች።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ" አለች።

ክኒኑ ከመምጣቱ በፊት ዘገዬ ሲነሣበት አይጣል ነበር። ከፒያሳ ቁልቁል ሲወርድ የመብራት እንጨቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ያሳልፉት ነበር። እንቅልፍ እርም ብሎ ሲሰፋ መኪናው እሳት እየተፋ፣ ጎረቤት ፍም ሊጭር ይመጣ ነበር። ከዚያ ደግሞ ይወድቃል። ለወራት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል።

አንድ ሐምሌ፣ "ከሰል ጫኝ አህዮች በረዳቸው" ብሎ ለሁሉም ሱሪ ሰፋላቸው። ጨርቁ ካኪ! ካድሬዎቹ የሚለብሱት ራሱ ካኪ! አህዮቹ ድልድዩን ተሰልፈው ሲሻገሩ አንድ አብዮት ጠባቂ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው።

በማግስቱ ዘገዬን ቀበሌ አሰሩት። "በአብዮቱ ልታላግጥ ነው?" ተባለ። ወርቅአፈራሁ ነጠላዋ እየወደቀ ሮጣ ደረሰች። "እብድ ነው" ብትል ዕድሜ ልኩን እብዱ ዘገዬ ሆኖ ይቀራል። "ጤነኛ ነው" ብትል ደግሞ ዕድሜም አይኖረውም።

"ሰክሮ ነው፣ ጓድ! አረቄ ከቀመሰ አህያና ሰው አይለይም!"

የቀበሌው ሊቀመንበር ከአረቄ ጋር የቆየ ዝምድና ነበረውና ሳቀ። ለቀቀውም።

ከዚያ በኋላ ነው ሐኪም ዘንድ የወሰደችው። ክኒኑ ሊትየም ይባላል፣ ከጨው ዘር ነው አሏት። "ውሃ በብዛት ጠጣ። እጅህ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ አትደንግጥ" አለው ሐኪሙ። ዘገዬም ውሃውን በአረቄ ጠርሙስ መያዝ ጀመረ።

"አገሩ ሁሉ ሰካራም ይበለኝ፣ ወርቄ። እብድ ከሚሉኝ ይሻለኛል። ብሞትም እንኳ አትንገሪብኝ።"

እንቅልፉ ተመለሰ። ወደ ግድግዳ መዞሩም ቀረ። መኪናው ግን ከእንግዲህ እሳት አልተፋም። አንድ ቀን ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ብሎት ሲታገል ቆየና ለእሷ አቀበላት።

"ወርቄ፣ ያ ሰውዬ አይናፍቅሽም? እኔን ይናፍቀኛል።"

ናፍቋት ነበር። አህያ የሚያለብሰው፣ መንገድ ላይ ወገቧን ይዞ የሚያስጨፍራት ያ ጉደኛ ናፍቋት ነበር።

"አንተ እያለህ ማን ይናፍቀኛል?" ብላ ዋሸችው።

"ልቤን በካውያ የተኮሱት ይመስለኛል። ሽብሽቡ ሁሉ ጠፋ።" ክሩን ያስገባችለትን መርፌ ተቀበላት። "ግን ጠዋት ስነቃ እዚሁ ነኝ። አንቺም አለሽ። በይ ክኒኔን ስጪኝ።"

"ተናገሪ እንጂ!" አሉ እትዬ አይናዲስ፣ ጠርሙሱን ወደ እሷ እየገፉ።

ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ አፍንጫውን ወደ ጠርሙሱ ያስጠጋ አንድም አልነበረም። ወርቅአፈራሁ የነጠላዋን ጫፍ ለቀቀች። ጠርሙሱን አንሥታ ከፈተችው። እስከ ግማሽ ውሃ አለው፣ ዘገዬ በገዛ እጁ የቀዳው። አፏ ላይ ደግና ለቀስተኛው ሁሉ እያየ ግጥም አድርጋ ጠጣችው።

"ወይ ጉድ! ለካ አብረው ነበር የሚጠጡት!" አለች አንዷ።

ወርቅአፈራሁ ዘገዬ እንደሚያደርገው አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ክዳኑን ገጥማ ጠርሙሱን ነጠላዋ ውስጥ አቀፈችው።

ሥላሴን ጠርቻለሁና ልናዘዝ። የአህዮቹ ሱሪ እውነት ነው። ፍሙም እውነት ነው። ከራሴ የጨመርኩት በሰልስቱ ዕለት የጠጣችውን ውሃ ብቻ ነው። ጠርሙሱ ባዶ ነበር። ጉሮሮዋ ሲውጥ ግን ሁሉም አይቷል።